ብርድ ልብስ ቁጠር

ለጥምቀት የጎረቤቴ ልጅ ትከሻው ላይ አንድ ኮከብ አድርጎ መጣ። ምክትል መቶ አለቃ ሆኗል። እናቱ ቡና አፈላች፣ እኔም ተጠራሁ። እዚህ ጎንደር አዘዞ ዛሬም "ሻምበል" እያሉ የሚጠሩኝ አሉ፤ ልጁ ግን ከድሮም "ጋሼ" ነው የሚለኝ። ስለ ካርታ ንባብ፣ ስለ ድሮን ሲያጫውተኝ ቆየና "ጋሼ፣ የጦር ክፍሌ ስደርስ መጀመሪያ ምን ላድርግ?" አለኝ።

"ብርድ ልብስ ቁጠር" አልኩት። ቀልድ መሰለው።

ይህን ሙያ የምታስቡ ሌሎች ልጆችም ስላላችሁ፣ ለእሱ ያልኩትን ልጻፈው። ሴቶቹ "አንተ" ያልኩትን "አንቺ" ብላችሁ አንብቡት።

ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጥቼ የመጀመሪያ መቶዬን የተረከብኩት በደርግ ጊዜ ነው። መቶ ይባል እንጂ ሠላሳ ምናምን ሰው ነው። አስረካቢዬ ቸኩሏል፣ መኪናው ሞተር አስነስቶ ይጠብቀዋል። ወረቀቱ 34 ብርድ ልብስ ይላል። እኔም መኮንንነቴን ለማሳየት ፈጠን ብዬ ፈረምኩ። ሌሊት ድንኳን ለድንኳን ስዞር አንዳንዶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ባንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለዋል። ጠዋት ቆጠርኩ። 29 ነው። የአምስቱ ዋጋ ከደመወዜ ተቆረጠ፣ እሱስ ይሁን። ያንገበገበኝ አንድ ሸበቶ ሃምሳ አለቃ ነው። ጠጋ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ "ጓድ መቶ አለቃ፣ ብርድ ልብስ ያልቆጠረ ሰው ይቆጥራል?" አለኝ።

ሃምሳ አለቃ እንዲህ ነው። በዕድሜ አባትህ ሊሆን ይችላል፣ በማዕረግ ግን አንተ ታዘዋለህ። ጠይቀው፣ ስማው። በወታደሩ ፊት አታርመው። ውሳኔው ግን ያንተ ነው፤ ሲበላሽ "እሱ ነው ያለኝ" ማለት የለም።

ቀኑ እንደ ፊልም አይደለም። ስም ጥሪ አለ፣ የታመመ ይታያል፣ ፈቃድ ጠያቂ ይሰለፋል፣ መሣሪያ ይወለወላል፣ ልምምድ ይወጣል። ከሰዓት ወረቀት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስተህ ዘብ ታያለህ። ዘቡን ልትይዘው ብለህ እየተሳብክ አትምጣ፣ በጥይት ይልሃል፤ እውነቱንም ነው።

ከጉዞ በኋላ ከስክሱን አስወልቅ። ልጁ ያፍርና "ደህና ነኝ" ይልሃል። ካልሲውን ስብ ስታደርገው ውኃ ከቋጠረው ቆዳ ጋር ተጣብቆ ይመጣል። ነገ 20 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ያ እግር ነው። ምግብ ሲወጣ ደግሞ መጨረሻ ላይ ብላ። ወጡ ካለቀ ማለቁን መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ አንተ ነህ።

በእኛ ጊዜ ብዙዎቹ ፊደል ያልቆጠሩ ነበሩ። የቤት ደብዳቤ የማነብላቸው፣ መልሱንም የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። አንዱ የወገራ ልጅ የቤቱ ላም መሞቷን ከእኔ አፍ ሰማ። ምንም አላለም፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በዚያው ሳምንት ዘብ ላይ ሁለቴ እንቅልፍ ጣለው። ደብዳቤውን ባላነብለት ኖሮ ቀጥቼው አርፍ ነበር። ቀጥቼዋለሁም፣ ዘብ ላይ መተኛት ዋዛ አይደለም። ግን ቅጣቱን ሲጨርስ ፈቃድ አስፈቅጄ ቤቱ ላክሁት። ዛሬ ሁሉም ሞባይል አለው፣ ወሬው ለአንተ ሳይደርስ ያልፋል። ስለዚህ ጠይቅ።

ደመወዝ ሲዘገይ ደግሞ ዓይንህ ሰፈሩ አጠገብ ያለው ገበሬ ዶሮ ላይ ይሁን። ጎንደሬ ይህን ሊነገረው አይገባም ነበር። አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ የሺ አለቃ እያለ ሠራዊቱን በደረጃ ሊያደላድል የተነሳው የቋራው ሰው፣ አፄ ቴዎድሮስ ነው። ወታደሩ ገበሬ ቤት እየተመራ ከመብላት ወጥቶ በደመወዝ እንዲያድርም ሞክሮ ነበር። አልዘለቀለትም። ዘረፋው ተመለሰ፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ራሷ በእሱው ሠራዊት ተዘርፋ ተቃጠለች። እንወደዋለን፣ አቃጥሎናልም። ሁለቱንም ባንድ አፍ ነው የምናወራው። አንድ ዶሮ ከጠፋ ባለቤቷን ፈልገህ ክፈል፣ ወሳጁንም ያዝ። ትንሽ ነው ብለህ አትለፈው።

ለበላይህ "ሁሉም ሰላም ነው" ማለት ቀላል ነው። ሦስት ሰው ታሞብህ እንዲህ ካልክ፣ ነገ በሙሉ ሰው ልክ የተሰፋ ግዳጅ ይሰጥሃል።

በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ጎንደር ተመልሼ ብዙ ጊዜ ሥራ ፈታሁ። በመጨረሻ አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ገባሁ። የገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ ሳይቆረጥ ሚስማር አላስገባም፤ የወጪው፣ ሞዴል 22፣ ሳይቆረጥ ሚስማር አላስወጣም። "ሻምበል ቁጠር" አሉኝ። አልከፋኝም፣ ልጆቼን ያሳደግኩበት ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጁ ደወለ።

"ጋሼ፣ ብርድ ልብሱ ሙሉ ነው። ኮዳ ግን ሁለት ጎደለ።"

"ፈረምክ?"

"አልፈረምኩም። አስረካቢው ተቆጥቷል፣ መኪና እየጠበቀኝ ነው ይላል።"

"ይቆጣ" አልኩት።