«እቅፍ ትለምድብሻለች» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ሕፃናትና አሳዳጊዎቻቸው ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች የተወሰኑትን ላንሳ። የሕፃናት ነርስ ነኝ፤ የሁለት ልጆችም እናት።

ጥያቄ፦ ልጄ ሁለት ወሯ ነው። ስታለቅስ ሳነሳት አማቴ «ተያት፣ እቅፍ ትለምድብሻለች» ይሉኛል።

መልስ፦ አንሺያት! በዚህ ዕድሜ ለቅሶ አመል አይደለም፤ መጣሪያዋ ነው። ቤልና አይንስዎርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1972 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲያለቅሱ ቶሎ የተደረሰላቸው ሕፃናት ዓመት ሲጠጋቸው ለቅሷቸው ያነሰ ነበር። አማትሽም ባለቤትሽን በአንቀልባ አዝለው እንዳሳደጉት እገምታለሁ። ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው።

ጥያቄ፦ አባት ነኝ። አራስ ልጄን ሳወራው ሞኝ የሆንኩ ይመስለኛል። ይገባዋል?

መልስ፦ ቃሉ አይገባውም፤ ድምፅህን ግን ይሰማል፣ እየለመደውም ይሄዳል። ዓይኑ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ነው፤ ታቅፎ የሰው ፊት የሚያይበት ርቀት ማለት ነው። ዳይፐር ስትቀይርለት «እህ፣ ምን አዲስ ነገር?» በለውና ዝም በል። አፉን ያሞጠሙጣል፣ እግሩን ያወራጫል። መለሰልህ ማለት ነው፤ አሁን ተራው ያንተ ነው። ፊቱን ካዞረ ደክሞታል፣ ተወው።

ጥያቄ፦ ሞግዚት የልጄን ፍቅር ትወስድብኛለች?

መልስ፦ አትወስድብሽም። ቶሎ ቶሎ አትቀያይሪበት እንጂ።

ጥያቄ፦ ከሥራ ደክሜ ስገባ ስልኬ ላይ እፈዛለሁ። ልጄን ጎዳሁት?

መልስ፦ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ትሮኒክ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያደረገውን ሙከራ ልንገርሽ። እናት ከልጇ ጋር ስትጫወት ቆይታ ድንገት ፊቷን ድርቅ ታደርጋለች። ሕፃኑ ፈገግ ይላል፣ እጁን ይዘረጋል። አልሆን ሲለው ፊቱን ያዞራል፣ ያለቅሳል። ብዙ ሰው ይህችን ብቻ አይቶ ይደነግጣል። ቀጥላ ግን እናትየው ትመለሳለች፣ ይታረቃሉ። ትሮኒክ እንዳየው ደህና የሚግባቡ እናትና ልጅ እንኳ የሚገጣጠሙት ከጊዜው ሲሶ ያህሉን ነው። የቀረው መሳሳትና መታረቅ ነው። ስልኩን አስቀምጪና «መጣሁ የኔ ጌታ» በይው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። ልጄን በስምንት ወሯ ለእናቴ ትቼ መጣሁ። አሁን በቪዲዮ ስደውል ትሸሸኛለች። ጠላችኝ?

መልስ፦ አልጠላችሽም እህቴ። በስምንት ወር ሕፃን የቅርብ ሰውን ከሌላው ለይቶ ሙጥኝ የሚልበት ጊዜ ነው፤ እሷም አያቷን ይዛለች። ይህ ደግሞ ደህና መሆኗን ነው የሚያሳየው። ልጅ ከአንድ ሰው በላይ መልመድ ይችላል። ስትደውዪ አያቷ ጭን ላይ ትሁን፤ አጭር ይሁን፤ ሁልጊዜ ያንኑ እሹሩሩ ዝፈኚላት። አገር ስትገቢ ከእናትሽ እቅፍ አትንጠቂያት። አጠገባቸው ቁጭ በይና ቡናሽን ጠጪ። እሷው ትመጣለች፣ መጀመሪያ ቀሚስሽን ልትነካ።