ሽቦ አልባ የብስክሌት ፍጥነት መለኪያ፦ ስለ አገጣጠሙና ስለ ልኬቱ ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪ፦ የምናወራው ማግኔቱ የቸርኬ ሽቦ ላይ፣ ሴንሰሩ የፊት ጎማውን በያዘው ፎርክ ላይ፣ ስክሪኑ መሪ ላይ ስለሚታሰረው መለኪያ ነው። «አይሠራልኝም» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። ጎማው ጎን ላይ የታተመውን ቁጥር፣ በማግኔቱና በሴንሰሩ መካከል ያለውን ክፍተት በሚሊ ሜትር፣ ስክሪኑ የሚያሳየውን ቁጥር ጻፉልኝ። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ መልስ የለኝም።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የኔ ብስክሌት ሾክ የለውም። ሴንሰሩን በግራ ነው በቀኝ የማስረው? ከፍታውስ?

መልስ፦ ስክሪኑ ባለበት ወገን እሰረው። ሜትር አውጥተህ ከሴንሰሩ እስከ ስክሪኑ ለካ፤ ኮድ በሌላቸው (ከራሳቸው ሴንሰር ጋር ብቻ ባልተጣመሩ) ርካሽ መለኪያዎች ከ60 ሴንቲ ሜትር ባያልፍ ይሻላል። ሴንሰሩ ከፎርኩ ፊት ይሁን እንጂ ከኋላው አይሁን። ከጎማው እምብርት በላይ ያለው ሽቦ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚያልፈው። ማሰሪያው ላልቶ ሴንሰሩ ወደ ሽቦው ቢዞር፣ ፊት ያለው ተመትቶ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ኋላ ያለው ግን በፎርኩና በሽቦው መካከል ይቀረቀራል።

ሁለቱን የፕላስቲክ ማሰሪያዎች መጀመሪያ ላላ አድርገህ ሳባቸው። ማግኔቱን ሽቦው ላይ አስቀምጠህ በካቻቢቴ ጠበቅ አድርገው። ጎማውን በእጅህ ቀስ ብለህ አዙረህ ማግኔቱ ሴንሰሩ ላይ ካለው ምልክት ትይዩ ሲመጣ አቁም። ክፍተቱን አስተካክል። ማሰሪያውን የምታጠብቀውና ትርፉን የምትቆርጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ሾክ ያለው ብስክሌት የያዛችሁ፣ ሴንሰሩን ከጎማው ጋር የሚንቀሳቀሰው የታችኛው እግር ላይ እሰሩ። የሚያብረቀርቀው ቱቦ ላይ ከታሰረ ሾኩ ሲወርድ ዘይቱን የሚይዘውን የጎማ ቀለበት (ሲል የሚባለውን) ይቀደዋል።

ጥያቄ (ሀዋሳ)፦ ክፍተቱ ስንት ይሁን? መመሪያው «ከ5 ሚሊ ሜትር አይብለጥ» ይላል።

መልስ፦ እኔ ከ2 እስከ 3 እወዳለሁ። 5 ላይ በእጅ ሲዞር ይሠራል፤ ኮረብታ ላይ ተነሥተሽ መሪውን ስትጎትቺ ግን ጎማውም ፎርኩም ትንሽ ስለሚጎብጥ አንድ አንድ ዙር ይዘላል። ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ አንዱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሦስት ደርበሽ በማግኔቱና በሴንሰሩ መካከል አስገቢ። ሳይጫንም ሳይላላም ከገባ በቂ ነው። የምትሠሪበትን ካርድ እንዳትጠቀሚ፤ ማግኔቱ ጥቁሩን መስመር ያበላሸዋል። ፎርክሽ ከሽቦው ራቅ ያለ ከሆነ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ቆርጠሽ ከሴንሰሩ ሥር ደርቢ፤ እንዳይንሸራተትም ይይዘዋል።

ጥያቄ (ጎንደር)፦ ማግኔቱን ወደ ቸርኬው ካስጠጋሁት ፍጥነቱ ይጨምራል?

መልስ፦ አይጨምርም። ማግኔቱ የትም ቢሆን በአንድ ዙር አንዴ ነው የሚያልፈው። መለኪያው የሚቆጥረው ዙር ነው።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ ማግኔቱ በምልክቱ ትክክል እንዲያልፍ የሚያስጨንቀን ለምንድን ነው? ማግኔት ከቀረበ ቀረበ አይደለም?

መልስ፦ ይህ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። አብዛኞቹ ሴንሰሮች ውስጥ ከክብሪት እንጨት የሚያጥር የመስታወት ቱቦ አለ። በቱቦው ውስጥ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች ጫፋቸው ተደራርቦ፣ ግን ሳይነካኩ ተቀምጠዋል። ማግኔት ሲቀርብ የአንዱ ጫፍ ሰሜን፣ የሌላው ደቡብ ይሆንና ተሳስበው ይገጥማሉ፤ ሲርቅ እንደ ሞላ ተመልሰው ይለያያሉ። አንዴ መግጠም አንድ ዙር ማለት ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ሴንሰሩን ጆሮህ ላይ አድርገህ ማግኔቱን አቅርበህ አርቀው፤ በጣም ቀጭን «ቲክ» የምትል ድምፅ ትሰማለህ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ስንመጣ፣ ማግኔቱ አንድ ዋልታውን ወደ ሴንሰሩ አዙሮ የታሰረ ከሆነ፣ በቱቦው መሃል ለመሃል ሲያልፍ ሁለቱ ጫፎች አንድ ዓይነት ዋልታ ይሆናሉ፤ ስለዚህ አይሳሳቡም። ማግኔቱ 1 ሚሊ ሜትር ድረስ ቀርቦም ስክሪኑ ዜሮ ሊል ይችላል። ወደ አንዱ ጫፍ ጠጋ ሲል ግን ይገጥማል። ምልክቱ የተሠመረው እዚያ ቦታ ላይ ነው። ሴንሰሩን አግድም አድርጋችሁ የምታስሩም አላችሁ፤ ያን ጊዜ ማግኔቱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄድና በአንድ ዙር ሁለቴ ሊያስቆጥር ይችላል። በ20 እየሄዳችሁ 40 የምታነቡት ለዚህ ነው። ቱቦው ከፎርኩ ጋር ቁልቁል ይሁን።

ጥያቄ (አዳማ)፦ ጎማዬ 26 ነው። ስንት ቁጥር ላስገባ?

መልስ፦ 26 ብቻውን ቁጥር አይደለም። መለኪያው የሚፈልገው የጎማውን ዙሪያ፣ ማለትም በአንድ ዙር የሚሄደውን ርቀት ነው። በተለመደው ሰንጠረዥ 26 በ1.75 ሲሆን 2023፣ 26 በ1.95 ሲሆን 2050፣ 26 በ2.125 ሲሆን 2070 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 700ው የውድድር ጎማ በ23 ሲሆን 2096፣ በ28 ሲሆን 2136 ነው። ግን እነዚህን መነሻ አድርጓቸው እንጂ አትመኑባቸው። ሰንጠረዡ ያንተን ክብደትም፣ የምትሞላውን ነፋስም፣ የጎማህን ማለቅም አያውቅም።

ልኬቱ እንዲህ ነው። ነፋሱን ሁልጊዜ የምትነዳበት ልክ ሙላ። ሜዳ ቦታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ፈልግ፤ የመኪና ማቆሚያ ነጭ ቀለም ወይም የሰድር መገጣጠሚያ ይሆናል። የፊት ጎማውን የነፋስ መሙያ ቫልቭ ወደ ታች አምጥተህ ከሥሩ በጠመኔ ምልክት አድርግ። አሁን ኮርቻው ላይ ተቀመጥ፣ እጅህም መሪው ላይ ይሁን። ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ይግፋህ። ቫልቩ አምስት ጊዜ ወደ ታች ሲመጣ ቁም፣ እንደገና ምልክት አድርግ፣ ሜትር ዘርጋ። 10 ሜትር ከ16 ሴንቲ ከሆነ ለአምስት ስታካፍለው 2032 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ያንን አስገባ። ሰንጠረዡ 2050 ብሎህ ነበር፤ በየ100 ኪሎ ሜትሩ ወደ 900 ሜትር የሚጠጋ ትርፍ ያነብልህ ነበር ማለት ነው።

ሰው ሳይቀመጥበት አትለኩ። ክብደት ጎማውን ይጫነዋል፣ ከእምብርቱ እስከ መሬት ያለው ርቀት ያጥራል፣ ዙሩም አብሮ ያጥራል። መሪው ግራ ቀኝ ካለም ጎማው የሄደው መንገድ ሜትሩ ከዘረጋው ቀጥታ ይረዝምና የምታገኙት ቁጥር ያንሳል። የሚገፋ ሰው ያጣ፣ ጎማው ላይ አግድም የጥርስ ሳሙና ቀብቶ ቀጥ ብሎ ይንዳ፤ በየዙሩ አስፋልቱ ላይ ምልክት ይተዋል።

ጥያቄ (አዳማ)፦ የኔ መለኪያ ዙሪያውን ሳይሆን ዲያሜትር ነው የሚጠይቀው።

መልስ፦ የለካኸውን ለ3.1416 አካፍል። 2032 ከሆነ 647። ጎማው ላይ ካለው 50-559 (50 የጎማው ውፍረት፣ 559 የቸርኬው ዲያሜትር በሚሊ ሜትር) ተነሥተው 559 ሲደመር 50 ሲደመር 50 ብለው 659 የሚያስገቡም አሉ፤ በ3.1416 ሲባዛ 2070 ይመጣል፤ ይህ ማንም ያልተቀመጠበት ጎማ ነው።

አባል (ጀሞ)፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ስልክ ላይ ስትራቫ የሚባለው የጉዞ መመዝገቢያ መተግበሪያ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ጂፒኤስ ራሱ ይለካል።

አባል (ሽሮ ሜዳ)፦ እንጦጦ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብተህ ጂፒኤሱ ፍጥነትህን ሲያዘልል አላየህም ማለት ነው። ጠመዝማዛው ላይማ ነጥቦቹን ቀጥ አድርጎ ስለሚያገናኛቸው መንገዱን ያሳጥረዋል።

አባል (ጀሞ)፦ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ግን ከማግኔት ይበልጣል።

አባል (አዳማ)፦ ስታዲየም ሄዶ 400 ሜትሩን መዞር አይቀልም? ርቀቱ የታወቀ ነው።

አባል (ሽሮ ሜዳ)፦ በየትኛው መስመር? ሁለተኛው መስመር ከተነሣችሁበት ተመልሳችሁ እስክትደርሱ 407 ሜትር ነው።

መልስ፦ ተመለሱ። የመጀመሪያው መስመር 400 የሚሆነው ከውስጥ ጠርዙ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲለካ ነው። በብስክሌት ያንን ጠብቃችሁ አትዞሩም፤ የመሮጫ ንጣፉም ለብስክሌት አይደለም፣ ይበላሻል። የጀሞው ልክ የሆነበት አንድ ነገር አለ፦ ረዥም፣ ቀጥ ያለ፣ ሰማዩ የተገለጠ መንገድ ላይ ጂፒኤስ ለማረጋገጫ ይጠቅማል። ያስገባችሁትን ቁጥር በትክክለኛው ርቀት አባዙ፣ መለኪያው ባሳየው አካፍሉ። 2050 አስገብታችሁ፣ ትክክለኛው 10.00 ሆኖ ስክሪኑ 10.15 ካለ፣ አዲሱ ቁጥር 2020 ነው። ቅጽበታዊ ፍጥነትን ግን በማግኔት አንብቡ፤ በ30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባለ 26 ጎማ በሰከንድ አራት ጊዜ ያህል ይዞራል፣ ፍሬን ስትይዙ ወዲያው ያሳያል።

ጥያቄ (ወልቂጤ)፦ ማግኔቱን ወደ መሃል ባቀርበው ፍጥነቱ ይቀንሳል ወይ?

መልስ፦ ለጎንደሩ መልሻለሁ። አይቀንስም፣ አይጨምርም። ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ ያለውን አንብቡ።

ጥያቄ (ሳሪስ)፦ ቆሜም 60፣ 90 ይላል። ጎማ 26 በ1.95፣ ክፍተት 3 ሚሊ ሜትር።

መልስ፦ እንዲህ ተጽፎ ሲመጣ ደስ ይላል። ሌሊት መብራት አለህ? ርካሽ የኤልኢዲ መብራት ከስክሪኑ አጠገብ ሲታሰር ኮድ የሌለውን መለኪያ ይረብሸዋል። መብራቱን አጥፍተህ እይ፤ ዝም ካለ ወደ መሪው ሌላኛ ጫፍ አርቀው። ቀላል ባቡሩ መስመር ሥር፣ የሬዲዮ ማሠራጫ አጠገብ፣ ተመሳሳይ መለኪያ ካለው ጓደኛ ጎን ለጎን ስትነዳም ይህ ይመጣል። ባለ ኮዱ መለኪያ ከራሱ ሴንሰር ጋር ስለሚጣመር የሌላውን አይቀበልም።

ጥያቄ (ሳሪስ)፦ መብራቱ ነበር። ሌላው ደግሞ፣ የወንድሜ መለኪያ በ30 ስንሄድ 18 ይላል።

መልስ፦ ማይል ላይ ነው። 30 ኪሎ ሜትር 18.6 ማይል ነው። ቅንብሩን ወደ ኪሎ ሜትር መልሱት።

ጥያቄ (ዱባይ)፦ አል ቁድራ የብስክሌት መንገድ ላይ በቀትር ስክሪኑ ጠቁሮ ምንም አይነበብም። ተቃጠለ?

መልስ፦ ሙቀት ነው። ጥላ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ብስክሌቱን ፀሐይ ላይ ስታቆሚ ስክሪኑን ነቅለሽ ኪስሽ ክተቺ።

ጥያቄ (መቀሌ)፦ የቱ ብራንድ ይሻላል? ዋጋውስ?

መልስ፦ ስለ ዋጋ አልገባም። ባለ ኮድ ይሁን።

ጥያቄ (ድሬዳዋ)፦ የኔ አልሠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ? ስክሪኑ ጠፋ ወይስ ዜሮ አለ? የጎማ ቁጥር የለም፣ ክፍተት የለም። መጀመሪያ ክፍተቱን ለካ፣ ምልክቱን እይ፣ ከዚያ የባትሪ ድንጋዩን። ሰው ሁሉ ድንጋይ ለመግዛት ይሮጣል፤ ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የተንሸራተተ ማግኔት ነው።

ጥያቄ (ድሬዳዋ)፦ ዜሮ ነው የሚለው። ክፍተቱ 2፣ ማግኔቱም ምልክቱ ላይ ነው።

መልስ፦ አሁን ወደ ድንጋዩ እንሂድ። ሴንሰሩም ስክሪኑም ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 ነው የሚወስዱት፣ ባለ 3 ቮልት። አንዳንድ ሴንሰር ግን 12 ቮልት የሆነች ትንሽ ሲሊንደር ድንጋይ ስላለው ከፍተህ እይ። አዲስ ሲአር 2032 በቮልት መለኪያ ከ3 ቮልት በላይ ያሳያል፤ ወደ 2.7 ከወረደ ቀይረው። ድንጋዩ የሚነካቸውን ነሐስማ ምላሶች በላጲስ አሽ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረግ። ክዳኑ ላይ ያለችው ቀጭን የጎማ ቀለበት ከቦታዋ ከወጣች የክረምት ዝናብ ይገባበታል። የስክሪኑን ድንጋይ ከማውጣትህ በፊት የጎማውን ቁጥርና ጠቅላላ ኪሎ ሜትሩን ወረቀት ላይ ጻፍ፤ ብዙዎቹ ይሰርዙታል።

የወጣውን ድንጋይ ልጅ ባለበት ቤት ጠረጴዛ ላይ አትተዉት። ልጅ ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ሊያቃጥል ይችላል። እስኪወጣ አይጠበቅም፣ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ ጋሼ፣ አሰርኩት፣ ይሠራል። 26 በ1.95 ነው። ብቻዬን ስለነበርኩ ብስክሌቱን በእጄ እየገፋሁ ለካሁት፣ 2047 መጣ።

መልስ፦ አልተቀመጥክበትም። የጥርስ ሳሙናውን ቀባና እንደገና ለካ።