ቀስቱ ወዴት ነው የሚዞረው?

ጥያቄ፦ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። የምግብ ሰንሰለት ሣሉ ተባሉና ማታ አብረን ቁጭ ብለን ሠራን። ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ይበላል፣ ፍልፈል ሣር ይበላል ብለን ቀስቱን ከቀበሮው ወደ ፍልፈሉ፣ ከፍልፈሉ ወደ ሣሩ አደረግነው። ኤክስ ተደርጎበት መጣ! ልጄ "አባዬ ነው ያሳሳተኝ" እያለች ለሰው ሁሉ ታወራለች። ምኑ ላይ ነው ያጠፋነው? ደግሞስ ሥነ ምህዳር ከአካባቢ በምን ይለያል?
አባት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ይቅርታ ይጠይቋት፣ ቀስቱ ተገልብጧል። ቀስቱ ማን ማንን እንደበላ አይደለም የሚናገረው፤ ምግቡ ወዴት እንደሄደ ነው። እንጀራ ከምጣድ ወደ መሶብ፣ ከመሶብ ወደ አፍ ይሄዳል አይደል? እንደዚያው ከሣር ወደ ፍልፈል፣ ከፍልፈል ወደ ቀበሮ።

ምሳሌያችሁ ግን አሪፍ ነው፤ ባሌን ነው የሣላችሁት። ሳነቴ አምባ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ትልቁ ፍልፈል ከጉድጓዱ እስከ ወገቡ ብቅ ይላል፣ ዙሪያውን ያለውን ሣር ባፉ ይሸመጥጥና የኋሊት ይገባል። ቀበሮው ደግሞ ሆዱን መሬት አስነክቶ ይጠጋል፣ ይቆማል፣ ይጠብቃል። በመንጋ ይኖራል እንጂ ለአደን የሚወጣው ብቻውን ነው። እዚያ ባሌ ከሚበላው ከአሥሩ ዘጠኝ እጅ በላይ ፍልፈልና አይጥ ነው።

በመጽሐፉ ቋንቋ ሣሩ አምራች ነው፤ ከፀሐይ፣ ከውሃና ከአየር ምግቡን ራሱ ይሠራልና። ፍልፈሉ የመጀመሪያ ደረጃ ተመጋቢ፣ ቀበሮው ሁለተኛ። ቀበሮው ሲሞት ባክቴሪያው፣ ፈንገሱና ትሉ ያፈርሱትና ወደ አፈር ይመልሱታል፤ እነሱ አበስባሾች ይባላሉ። ብዙ ሥዕል ላይ ጥግ ይወረወራሉ፣ ወይ ጭራሽ ይረሳሉ። እኔን ያናድደኛል፤ ያለ እነሱ ሣሩም የለማ።

በየደረጃው ታዲያ ብዙው ጉልበት በመተንፈስ፣ በመሮጥ፣ ሰውነትን በማሞቅ ያልቃል። ወደሚቀጥለው የሚያልፈው በግርድፉ ከአሥር አንድ እጅ ነው። ለዚህ ነው ፍልፈሉ ብዙ ሆኖ ቀበሮው ጥቂት የሆነው። (ቁንጮ መሆን ለካ ድግስ ላይ መጨረሻ እንደመድረስ ነው!) ዛሬ በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ከግማሽ በላይ ባሌ።

ሰንሰለቱ ራሱም ቢሆን ለማስተማሪያ የተሳለ ነው። ፍልፈሉን ጭልፊትም ይበላዋል። ቀበሮው ደግሞ እንደ ችቦ ቀይና ቢጫ ሆኖ የሚቆመውን የደጋ አበባ ማር ሲልስ ታይቷል፤ ይህ በ2024 እ.ኤ.አ. በጥናት ወጥቷል። የእረኞቹ ልጆችም ይልሱታል። ቀስቱ እንዲህ ሲጠላለፍ የምግብ ድር ይባላል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመጣ፣ አካባቢ ስንል ቦታውን ነው። ሥነ ምህዳር ግን ሕይወት ያለውም የሌለውም፣ ብርዱ፣ አፈሩ፣ ውሃው፣ እንስሳው፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ነው። የእረኛው ውሻ ልጅዎ ሥዕል ላይ የለም። ቀበሮውን አይበላም፣ ቀበሮውም አይበላው፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ቀስት አይሳልም። ግን በ2003 እ.ኤ.አ. ከውሻ የመጣ የእብድ ውሻ በሽታ እዚያው ባሌ ያለው ዌብ ሸለቆ ገብቶ እዚያ የነበሩትን ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጃቸው። ለዚህ ነው ቀበሮ ለማትረፍ ባሌ የወጡ ሰዎች የክትባት መርፌ ይዘው የመንደር ውሻ ሲያሳድዱ የሚውሉት።