ስለ ፀረ-ተባይ መርዝ ከድንገተኛ ክፍል ነርስ ጋር፦ ጥያቄና መልስ

ሲስተር፦ እንደምን አመሻችሁ። 17 ዓመት በድንገተኛ ክፍል ሠርቻለሁ። በርጭት ወቅት የሚመጡልን ሕመምተኞች መልካቸው ያው ነው፤ አፋቸው አረፋ ይደፍቃል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ የዓይናቸው ብሌን የመርፌ ቀዳዳ ያክላል። ዛሬ የቻልኩትን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን፦ የተመረዘን ሰው አታስመልሱ፣ ወተት አታጠጡ፣ ልብሱን አውልቃችሁ ገላውን በውኃና በሳሙና እጠቡ፣ ይዛችሁ ሩጡ። አሁን አጠገባችሁ የታመመ ካለ ጥያቄ አትጻፉ፤ 907 ደውሉ ወይም ያገኛችሁት መኪና ላይ ጫኑት።

የመቂው፦ ሲስተር፣ ቲማቲም ስረጭ ውዬ ማታ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ምራቄ ይበዛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። አልጠጣሁትም። እንዴት ነው?

ሲስተር፦ በቆዳህ ገብቶ ነው ወንድሜ፤ በትንፋሽም ይገባል። በጀርባ የሚታዘለው መርጫ ሲያንጠባጥብ ሸሚዝህን ያረጥባል፣ አንተም በዚያው ሸሚዝ ትውላለህ። ብዙ ሰው የማይረዳው ይህንን ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። ነርቭ ለጡንቻና ለዕጢ ትእዛዝ የሚያደርሰው አሴቲልኮሊን በሚባል ኬሚካል ነው። ትእዛዙ እንደደረሰ ኮሊንስትሬዝ የሚባለው ኢንዛይም ኬሚካሉን ያፈርሰዋል፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። እንደ ማላታዮን፣ ዳያዚኖንና ክሎርፓይሪፎስ ያሉት፣ ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ፀረ-ተባዮች ግን ኢንዛይሙን ጠፍረው ያስሩታል። ከዚያ በኋላ ትእዛዙን የሚያስቆም የለም። ምራቅ ይዝረበረባል፣ ዓይን ያነባል፣ ሆድ ይታወካል፣ ሽንት ያመልጣል፣ ጡንቻ ከቆዳ ሥር ሲርገበገብ ቆይቶ ይዝላል። የሚገድለው ትንፋሽ ላይ ሲደርስ ነው። የአየር ቧንቧው በራሱ ፈሳሽ ይሞላል፣ የመተንፈሻ ጡንቻው ይደክማል፣ አንጎልም «ተንፍስ» ማለቱን ይተዋል። ሰውየው በደረቅ መሬት ላይ ይሰምጣል። አንተ ያየኸው የዚህን መጀመሪያ ነው። ነገ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ደረትህን ካጨናነቀህ ወይም ካስመለሰህ ግን ሌሊቱን አትጠብቅ። ርጭቱንም ለጊዜው ተው፤ ሰውነትህ አዲስ ኢንዛይም እስኪተካ ሳምንታት ይፈጅበታል።

ሰላም፦ መድኃኒት የጠጣ ሰው ምን ይደረግለታል?

ሲስተር፦ የቱን «መድኃኒት»? የነቀዝ፣ የአረም፣ የትኋን፣ የአይጥ፣ የከብት መዥገር፣ ሁሉም በእኛ አገር መድኃኒት ነው። ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው። ዕቃውን ከነጽሑፉ ይዛችሁ ኑ። ዕቃ ከሌለ ከገዛችሁበት ሱቅ ስሙን በስልክ አስነብቡ። ይህንን ስለምን ብዬ መሰላችሁ? ግማሹ ሰው የሚያመጣው ሃይላንድ ነው፤ በውኃ ፕላስቲክ የተቀዳ፣ ስም የሌለው ነጭ ፈሳሽ። ከዚያው ሃይላንድ ውኃ መስሎት የጠጣ የ4 ዓመት ልጅ ተቀብያለሁ። እባካችሁ፣ ከዋናው ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ አታዛውሩ። ባዶውንም ጀሪካን ለውኃም ለጠላም አትጠቀሙበት፤ ቢታጠብም አይነጻም።

እመ ዮናስ፦ ሲስተር ይቅርታ፣ ወተት መርዝ ያረክሳል ሲባል ነው ያደግነው።

ሲስተር፦ እናቴ፣ ወተት ይህን መርዝ አያረክስም። እያቃሰተ ያለ ሰው ወተቱን ወደ ሳንባው ይስበዋል። ብዙዎቹ ፈሳሽ ፀረ-ተባዮች ነዳጅ መሰል ማሟሚያ አላቸው፤ ስታስመልሱት ያ ወደ ሳንባ ገብቶ ሌላ በሽታ ይጨምርበታል። በግራ ጎኑ አስተኙት፣ አፉን ጥረጉለት፣ ሂዱ።

አንዳርጌ፦ አያቴ ግን በወተትና በእንቁላል ሁለት ሰው አድናለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዘሪሁን፦ የዳኑት የጠጡት ትንሽ ስለሆነ ይሆናላ! የሞቱትን ማን ቆጠረ?

አንዳርጌ፦ የአገር ጥበብ መናቅ ልማዳችሁ ነው።

ሲስተር፦ አያትህን አልናቅሁም፣ ሆስፒታል ባልነበረበት ዘመን በእጃቸው ያለውን አደረጉ። ዛሬ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ መድኃኒት አለ። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጤና መኮንን፦ እኔ ገጠር ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። አትሮፒን ስሰጥ የልብ ምቱ 120 ሲደርስ ፈርቼ አቆማለሁ። ትክክል ነኝ?

ሲስተር፦ አይደለህም፣ ስለጠየቅህ ግን እግዚአብሔር ይስጥህ። ዛሬ የተቀመጥኩት ለዚህ ጥያቄ ነው። አትሮፒን የሚሰጠው ደረት እስኪደርቅ ነው። የልብ ምት መፍጠን አትሮፒን አይከለክልም፤ ኦክስጅን ያጣ ልብም ይፈጥናል። ለአዋቂ 2 ሚሊግራም በደም ሥር ትጀምራለህ፤ በ5 ደቂቃ ካልተለወጠ እጥፍ፣ 4፣ ከዚያ 8፣ እንዲያ እያልክ። በየጊዜው ደረቱን በማዳመጫ ስማ፤ የሚንቦጫረቀው ድምፅ ጠፍቶ ትንፋሹ ሲጠራ፣ የልብ ምቱ ከ80 ሲያልፍ፣ የላይኛው የደም ግፊት ከ80 ሲበልጥ ደርሰሃል። ብብቱንም ዳስስ፤ ላቡ መድረቅ አለበት። ብሌኑ ቶሎ ባይሰፋ አትጨነቅ። ከዚያ እስካሁን ከሰጠኸው ጠቅላላ መጠን ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን በየሰዓቱ በማያቋርጥ ጠብታ ትቀጥላለህ። ሰውየው ከቃዠ፣ ትኩሳት ከያዘው፣ የሆዱ ድምፅ ከጠፋ በዝቶበታል፤ አቁመህ ጠብቅ፣ ከዚያ ቀንሰህ ጀምር። አንዱ አምፑል 1 ሚሊግራም ስለሆነ ብልቃጡ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ከመጀመሪያው አምፑል ጋር አብረህ ለሪፈራል ሆስፒታሉ ደውል። ኦክስጅንና የመምጠጫ ማሽን አትርሳ፤ ለሚንዘፈዘፍ ዳያዜፓም።

ጤና መኮንን፦ ፕራሊዶክሲምስ?

ሲስተር፦ የታሰረውን ኢንዛይም እንዲፈታ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ካለ ከአትሮፒን ጋር ይሰጣል። ጥቅሙ ላይ ጥናቶች አልተስማሙም። እሱን ስትፈልግ አትሮፒኑ እንዳይዘገይ።

የተፈጥሮ ሐኪም፦ አስተናግር ውስጥ አትሮፒን አለ ይባላል። ቅጠሉን ቀቅሎ ማጠጣትስ?

ሲስተር፦ አለው፣ እውነት ነው። ግን በአንዱ ቅጠል ስንት እንዳለ ማንም አይለካውም፤ ስኮፖላሚን የሚባል ሌላ መርዝም አብሮት አለ። በአስተናግር ያበዱ ልጆችንም አስረን አክመናል። አታጠጡ።

ዘሪሁን፦ ጣሊያን አያቶቻችንን የፈጀበት ጋዝ ይኸው አይደል?

አንዳርጌ፦ ይኸው ነው፤ አባቴም እንዲህ ነው ያለኝ።

ሲስተር፦ አይደለም። ጣሊያን በአብዛኛው የረጨው የሰናፍጭ ጋዝ ነው፤ ቆዳንና ሳንባን ያቃጥላል እንጂ ነርቭ አይነካም። የመጀመሪያውን የነርቭ ጋዝ ታቡንን ጀርመናዊው ኬሚስት ጌርሃርድ ሽራደር ያገኘው በፈረንጆች 1936 መጨረሻ፣ ለተባይ መርዝ ሲፈልግ ነው፤ አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ማለት ነው። የነርቭ ጋዝንና የፀረ-ተባይን ዝምድና ካነሣችሁ የሚያስፈልገን የቶኪዮው ነው። በፈረንጆች መጋቢት 1995 በባቡር ውስጥ ሳሪን የሚባለው የነርቭ ጋዝ ሲለቀቅ፣ ሕመምተኞቹን ልብሳቸውን ሳያወልቁ የተቀበሉ የሆስፒታል ሠራተኞችም ዓይናቸው ጠቦ ራሳቸውን ታመሙ። ስለዚህ ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ልብሱን በላስቲክ ቋጥሩ። ከፀጉር እስከ ጥፍር እጠቡ። እጠቡ!

ሄለን፦ የልጆቼን ቅማል በከብት መዥገር መድኃኒት...

ሲስተር፦ በፍጹም! የልጅ ራስ ቆዳ ይጠጣዋል። የፋርማሲ ቅባት አለ፣ ማበጠሪያ አለ። ቀብተሻቸው ከሆነ አሁኑኑ በሳሙና ደጋግመሽ እጠቢያቸውና ይዘሻቸው ሂጂ።

ኤልሳ፦ የነቀዝ ክኒንም በአትሮፒን ይታከማል?

ሲስተር፦ ያ ሌላ መርዝ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። የአትሮፒን ነገር አይደለም። ሆስፒታል፣ በፍጥነት። ክኒኑ የገባበት እህል ካለበት ክፍል ውስጥ ልጅ አታስተኙ።

ናትናኤል፦ እህቴ ማያስቴኒያ ለሚባለው ጡንቻ የሚያዝል በሽታ ፒሪዶስቲግሚን የሚባል መድኃኒት ትወስዳለች፤ ሲበዛ እንደ ኦርጋኖፎስፌት ያደርጋል ይባላል።

ሲስተር፦ ያደርጋል። መጠኑን የነርቭ ሐኪሟ ይወስን፤ እኔ አልገባበትም።

ስም የለኝም፦ ሆን ብሎ የጠጣ ሰው ከሆነስ? ቤተሰብ ያፍራል።

ሲስተር፦ አትደብቁ። እኛ ጋ ማንም አይወቅሰውም። ለሐኪሙ እውነቱን ንገሩት፤ ሕክምናው ያው ነው፣ ሲድን ደግሞ የሚያዳምጠው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያገኛል። ከበሽተኛው ጎን ሰው አይጥፋ። ይህን የጠየቅሽው ወይም የጠየቅኸው ስለራስ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ በውስጥ መስመርም ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።

ፍቅሩ፦ መርዝ የጠጣ ሰው ምን ይደረግለታል?

ሲስተር፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ። ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ሲስተር፣ ወንድሜ ከትናንት ወዲያ በሽንኩርት መርጫ ተመርዞ ታክሞ ትናንት ወጣ። ዛሬ ደህና ነው፣ ግን ከትራስ ቀና ማለት አቃተው። ድካም ነው?

ሲስተር፦ ቀና ማለት አቃተው? ራሱን ከትራሱ ብቻውን እንዲያነሣ ጠይቂው።

ከደብረ ማርቆስ፦ አልቻለም። ድምፁም ቀጥኗል።

ሲስተር፦ ድካም አይደለም። ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ የአንገትና የመተንፈሻ ጡንቻ እንደገና የሚዝልበት ሁኔታ አለ፤ ምራቁ ደርቆ፣ ሰው ዳነ ሲባል የሚመጣው ይሄ ነው። መተንፈሻ ማሽን ያለበት ሆስፒታል ይፈልጋል። አሁን መኪና ጥሩ፤ ትንፋሹን እያያችሁ በጎኑ አስተኝታችሁ ውሰዱት፣ ምንም አታጉርሱት። ለተረኛው ሐኪም «ኦርጋኖፎስፌት፣ ሁለተኛ ቀኑ፣ አንገቱን ማንሣት አልቻለም» በሉት፣ በዚሁ ቃል። ሌሎቻችሁ ታገሡኝ፤ ከእሷ ጋር በስልክ ነኝ።