አገጬ ወጣ ያለ ነው፣ ምን ይሻለኛል? ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

ባለፈው ቅዳሜ "ስለ አገጭና መንጋጋ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ" ብዬ ነበር። አምስት ስድስት ሰው ቢጠይቅ ነው ብዬ ስጠብቅ ጎረፈ። ለማታውቁኝ፣ ደብረ ብርሃን የምሠራ የጥርስ ሐኪም ነኝ። የአገጭና የመንጋጋ ቀዶ ጥገና እኔ አልሠራም፤ አይቼ፣ ለይቼ፣ ወደሚሠሩት እልካለሁ። የኔም አገጭ ቀላል አይደለም፤ ተማሪ ቤት "አካፋው" ነበር የሚሉኝ። ስለዚህ እዚህ ማንም እንዳያፍር። ስማችሁን ትቼ የመጣችሁበትን ብቻ ጽፌያለሁ።

ከመሐል ሜዳ፦ ዶክ፣ 24 ዓመቴ ነው። አገጬ በጣም ወጥቷል። ተሞርዶ ይቀነሳል ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው?

ይቀነሳል። ግን ከመሞረዱ በፊት መስታወት ፊት ቁም። ምራቅህን ዋጥ አድርግ፣ የኋላ ጥርሶችህን ግጠም፣ ከዚያ ከንፈርህን ገልጠህ እይ። የላይኛው የፊት ጥርስህ የታችኛውን ትንሽ ሸፈን አድርጎ ከተቀመጠ ችግሩ የአገጭህ ጫፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። የታችኛው ቀድሞ ከወጣ ወይም ጫፍ ለጫፍ ከገጠመ ግን ጉዳዩ የመንጋጋ ነው። ሦስተኛም አለ፦ የታችኛው መንጋጋ ደህና ሆኖ የላይኛው ወደ ኋላ ሲቀር፣ አፍንጫ ሥር ጎድጎድ ይልና አገጭ የወጣ ይመስላል። አገጩ ባላጠፋው ነው የሚከሰሰው። የሦስቱ ሕክምና ለየቅል ነው፤ ሳይለይ "ሞርዱልኝ" ብሎ መሄድ ጉልበቱ ለታመመ ሰው ጫማ እንደመቀየር ነው። መስታወቱ ፍንጭ ብቻ ይሰጥሃል፤ የሚለየው ከጎን የሚነሳ የጭንቅላት ኤክስሬይና የጥርስህ ልክ ነው።

የጫፉ ብቻ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ያልከው መሞረድ ነው፤ አጥንቱን በማሽን ፍቆ ማሳነስ። ለትንሽ ነገር ይሆናል። ብዙ ከተሞረደ ግን አጥንቱን የያዘው ጡንቻና ሥጋ ከቦታው ይላቀቅና አገጭ ሥር ይንጠለጠላል። በዚያ ላይ አጥንቱ 5 ሚሊ ሜትር ቢነሳ ቆዳው እኩል 5 ሚሊ ሜትር አይገባም። ሁለተኛው፣ ብዙ ሐኪሞች የሚመርጡት፣ አጥንቱን ቆርጦ ማንቀሳቀስ ነው። ከታችኛው ከንፈር በስተውስጥ ይከፈታል፤ ፊት ላይ ጠባሳ የለም። ከጥርስ ሥሮች በታች አጥንቱ በአግድም ይቆረጥና ወደ ኋላ ይገፋል፤ አገጩ ወደ ታች የረዘመ ከሆነም ከመሃል ቁራጭ ይወጣለታል። ከዚያ በታይታኒየም ሳህንና ብሎን ይታሰራል። ብረቱ ካላስቸገረ እዚያው ይቀራል። አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ አገጭ ወደ ኋላ ሲገፋ አንገት ሥር ያለው ሥጋ ላላ ሊል ይችላል። ድርብ አገጭ የጀማመረው ሰው ይህን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከእነዋሪ፦ 17 ዓመቴ ነው፣ ወንድ ነኝ። የታችኛው ጥርሴ ቀድሞ ነው የሚወጣው፣ እንጀራ በፊት ጥርሴ መቁረጥ አልችልም። አሁን መሠራት እችላለሁ?

አሁን አትችልም፣ ወንድሜ። መንጋጋህ ገና እያደገ ነው። የታችኛው መንጋጋ ከፊት አጥንቶች መጨረሻ ላይ ነው እድገቱን የሚጨርሰው፤ ወንዶች ላይ እስከ 18፣ አንዳንዴ እስከ 20 እና 21 ይሄዳል። ዛሬ ተሠርቶ ነገ ካደገ ድካሙ ከንቱ ነው። በዓመቱ ድጋሚ ኤክስሬይ ይነሳል፤ ካልተለወጠ እድገቱ ቆሟል ማለት ነው። ከዚያ መጀመሪያ የጥርስ ሽቦ ታስራለህ፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ። በመካከሉ አገጭህ ይባሱን የወጣ ሊመስል ይችላል፤ ሽቦው ጥርሱን ወደ ትክክለኛ ቦታው ሲመልስ የመንጋጋው ልዩነት ገሃድ ይወጣል። እንዳትደነግጥ። ከዚያ ቀዶ ጥገናው፦ የታችኛው መንጋጋ ግራና ቀኝ ከኋላ ተሰንጥቆ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ካስፈለገም የላይኛው ወደ ፊት ይመጣል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያስተዋወቀው ኦብዌገሰር የሚባል ሐኪም ነው፤ ዛሬም እየተሻሻለ ይሠራበታል። ያንተ ጉዳይ የመልክ ብቻ እንዳልሆነም ልንገርህ። እንጀራ መቁረጥ አለመቻል የጤና ጉዳይ ነው።

ከደብረ ሲና፦ ያማል እንዴ? መቼስ ነው እንደ ልቤ የምበላው?

ቀዶ ጥገናው በሙሉ ማደንዘዣ ነው፣ አታውቂውም። ከዚያ በኋላ ከሕመሙ ይልቅ እብጠቱ ነው የሚያስጠላው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ፊትሽ ያብጣል፣ መስታወት ባታዪ ይሻልሻል። በሁለት ሦስት ሳምንት አብዛኛው ይወርዳል፤ የመጨረሻው መልክ ግን ወራት ይፈልጋል። አጥሚት፣ ሾርባ፣ ከዚያ ለስላሳ ገንፎ። አጥንቱ እስኪይዝ ስድስት ሳምንት አካባቢ ጠንካራ ነገር የለም። የደብረ ሲና ሰው ሆነሽ ስድስት ሳምንት ቆሎ መተው ከባዱ እሱ ነው መሰለኝ።

ሌላ ሳልነግርሽ የማላልፈው አለ። የታችኛው ከንፈርና አገጭ ስሜት የሚያገኘው በአጥንቱ ውስጥ አልፎ በሚወጣ ነርቭ ነው። ከቀዶ ጥገና በኋላ ከንፈር መደንዘዝ የተለመደ ነው፤ ለብዙው ሰው በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። ለአንዳንዱ ግን በከፊል ይቀራል፣ በተለይ መንጋጋው ሲሰነጠቅ። "ምንም አይልሽም" ያለሽ ሐኪም ካለ ሌላ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ከዓለም ከተማ፦ 46 ዓመቴ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም፤ ባለፉት ዓመታት አገጬ እየወጣ፣ ጥርሴም እየተራራቀ መጣ። በምን ላስቀንሰው?

ጋሼ፣ እርስዎ ማስቀነሱን ይተዉትና ይህን ይመልሱልኝ። የጫማ ቁጥርዎ ጨምሯል? የጋብቻ ቀለበትዎ አልወጣም ብሏል? ራስ ምታት፣ ብዙ ላብ፣ የዓይን እይታ ከግራና ከቀኝ መጥበብ አለ? ያዋቂ ሰው አገጭ ዝም ብሎ አያድግም። አእምሮ ሥር ፒቱታሪ የምትባል የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች። እሷ ላይ እባጭ ሲወጣ የእድገት ሆርሞን ይበዛና እጅ፣ እግር፣ አገጭ ይሰፋሉ። አክሮሜጋሊ ይባላል። እባጩ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ ካልታከመ ግን ልብን ይጎዳል፣ ስኳርና ደም ግፊት ያመጣል። የሚሄዱት ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። አይጂኤፍ ዋን የሚባል የደም ምርመራ፣ ቀጥሎ የጭንቅላት ኤምአርአይ። የአሥር ዓመት በፊት ፎቶዎን ይዘው ይሂዱ፤ ፎቶው ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። ሆርሞኑ ሳይስተካከል አገጭ ቢቆረጥ መልሶ ያድጋል። ከሁሉም ጥያቄ በላይ የያዘኝ የእርስዎ ነው፤ በዚህ ሳምንት ይሂዱ።

ከአንኮበር፦ እናቴ ጥርሳቸው ሁሉ ካለቀ ወዲህ አገጫቸው ወደ አፍንጫቸው እየተጠጋ ነው። በሽታ ነው?

አይደለም። ጥርስ ሲወልቅ ሁለቱን መንጋጋ ለያይቶ የሚያቆም ምሰሶ ይጠፋል፤ አፍ ሲገጠም የታችኛው መንጋጋ ወደ ላይና ወደ ፊት ይዞራል። በልካቸው የተሠራ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይመልሰዋል። እማማ ቆሎ ባይቆረጥሙም ሥጋ ይበላሉ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ልጄ 8 ዓመቱ ነው፣ የታችኛው ጥርሱ ይቀድማል። አባቱም አያቱም እንደዚያው ናቸው። ሲያድግ ይስተካከላል?

ይስተካከላል ብለሽ አትጠብቂ። በዘር ይሄዳል፤ የስፔን ንጉሥ የነበረው ዳግማዊ ቻርልስ፣ እ.ኤ.አ. በ1700 የሞተው፣ ከዘመዶቹ በወረሰው መንጋጋ ምግብ ማኘክ ይቸግረው ነበር። ግን ልጅሽ ጥሩ ዕድሜ ላይ ነው። የላይኛው መንጋጋ ወደ ኋላ ከቀረ ግንባርና አገጭ ላይ የሚደገፍ፣ በላስቲክ የላይኛውን ወደ ፊት የሚስብ መሣሪያ አለ። ከ10 ዓመት በፊት ቢጀመር ይመረጣል። በቀን ከ12 ሰዓት ያላነሰ ስለሚደረግ ልጁም እናቱም ትዕግሥት ይኑራቸው። የታችኛው መንጋጋ እድገት በርትቶ ከሄደ ግን ሲያድግ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው ይችላል።

ከአታዬ፦ ምላስን ላንቃ ላይ መለጠፍ፣ ማሸት፣ ቦቶክስ?

ምላስ መለጠፍ፣ አይሠራም። ማሸት፣ አይሠራም። ቦቶክስ አገጭ ላይ የሚኮማተረውን ጡንቻ ያላላል፣ ሦስት አራት ወር ይቆያል፣ አጥንት አይነካም። አገጭ ሥር ያለ ስብ ከሆነ የሚያስጨንቅህ እሱ ሌላ ነው፤ በመርፌም በመምጠጥም ይቀነሳል። ጢምህን ግን ከአገጭ ላይ አሳጥረህ ከጉንጭ ትንሽ ተወው። ነፃ ነው።

ከደብረ ብርሃን፦ እዚሁ ይሠራል? ስንት ያስወጣል?

የመለየቱን ሥራ እዚህ እንጀምራለን። ለቀዶ ጥገናው አብዛኛውን ሰው የምልከው አዲስ አበባ ነው፣ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ብርቅ አይደለም። "የመንጋጋና ፊት ቀዶ ሐኪም" ብላችሁ ጠይቁ። ዋጋ ከዚህ አልጠራም፣ በየቦታውና በየጊዜው ይለያያል። ስትጠይቁ ግን ለያይታችሁ ጠይቁ፦ ምርመራው፣ ማደንዘዣው፣ አልጋው፣ ሳህንና ብሎኑ። አንድ የላክሁት ልጅ የቀዶ ጥገናውን ብቻ ሰምቶ ሄዶ ብረቱ ለብቻው ነው ተብሎ ተመልሷል። ሲጋራ የምታጨሱም አስቀድማችሁ አቁሙ፤ ቁስሉ ቶሎ አይድንም።

ከደብረ ብርሃን፦ ሠርጌ ጥር ላይ ነው፣ ሁለት ወር ቀርቶኛል። እደርሳለሁ?

አትደርሺም፣ እህቴ። እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ፣ ከንፈርሽ ሳይነቃ ትሞሸሪያለሽ። ከፈለግሽ ከሠርጉ በኋላ ነይና እንየው። ለፎቶው ግን አንሺውን ቀረብ ብሎ በስልክ እንዳያነሳሽ፣ ራቅ ብሎ፣ ካሜራውን በዓይንሽ ትክክል እንዲይዝ ንገሪው። ከታች ወደ ላይ ካነሳሽ የኔን አገጭ ነው የሚሰጥሽ።