የጓሮ ጥያቄዎች፦ ነፋስ የማያነሳው የአረም ጨርቅ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከሰሜን ሸዋ ናቸው። ክረምት ላይ የተተከለ ችግኝ፣ ዙሪያውን የለበሰ ጨርቅ፣ ከዚያ ነፋስ። ረጅሙን ጥያቄ በረጅሙ መልሻለሁ፣ ሌሎቹን ባጭሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ያለሁት ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ በኩል ነው። ሐምሌ ላይ ከቤታችን ጀርባ የአፕል ችግኞች ተከልኩ። አረሙ አላስቀምጥ ሲለኝ ያንን ጥቁር፣ ከፕላስቲክ ክር የተሸመነ የአረም መከላከያ ጨርቅ ከአዲስ አበባ አስመጣሁና ለእያንዳንዱ ችግኝ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር እየቆረጥኩ አነጠፍኩለት። የመታሁት በሚስማርና በቆርኪ ነው። ክረምቱን ምንም አልሆነም። አሁን ኅዳር ላይ ግን ነፋሱ ያራግበዋል፣ ሚስማሩም በእጅ ሲስቡት ይወጣል፣ አንዱ ችግኝ ጭራሽ ልጡ ተልጧል። ድንጋይ ልጫንበት ወይስ ላንሳው?

መልስ፦ አታንሳው። ድንጋዩንም ለጊዜው ተወው።

ሚስማሩ የላላው በደንብ ስላልመታኸው አይደለም። የእናንተ አካባቢ አፈር በብዛት መረሬ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ሲገባ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም አንዳንዴ እጅ ያስገባል። ሐምሌ ላይ ሚስማሩን ግጥም አድርጎ የያዘው ጭቃ ኅዳር ላይ ተኮማትሮ ከሚስማሩ ርቋል። ስለዚህ አሥር ሚስማር ብትጨምርም ጥር ላይ ያው ነው። ቆርኪው ግን ጥሩ ነው፤ ጨርቁ በሚስማሩ ራስ በኩል እንዳይቀደድ ይይዘዋል።

ነፋሱ የሚገባው ከጠርዝ ነው። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካገኘ በሥሩ ሾልኮ እንደ ድንኳን ይነፋዋል፣ ከዚያ ሚስማሩን አንድ በአንድ ይነቅልልሃል። መድኃኒቱ ጠርዙን አፈር ማልበስ ነው። ሚስማርም ሆነ ፌሮ የሚያገለግለው ጨርቁን አፈሩ ላይ አስተኝቶ ለመያዝ ብቻ ነው፣ ዋናውን ጉልበት የሚሰጠው የተቀበረው ጠርዝ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን ሥራ ይዘለዋል፣ ምክንያቱም ቁፋሮ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በጨርቁ ዙሪያ 15 ሳንቲሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ቀጭን ቦይ ትቆፍራለህ። ጠርዙን ወደ ቦዩ ታጥፈዋለህ፣ ወደ ታች ወርዶ መሬቱን እስኪነካ። ከዚያ ያወጣኸውን አፈር መልሰህ በእግርህ ትረግጠዋለህ። መርገጡን በሁለት ዙር አድርገው፣ ግማሹን ሞልተህ አንድ ጊዜ፣ ሙሉውን ሞልተህ አንድ ጊዜ፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ዝናብ ያሰምጠውና ጠርዙ ተመልሶ ብቅ ይላል። የአንተ ጨርቅ አንድ ሜትር ስለሆነ ሲቀበር ከየጎኑ ይቀንስብሃል። የሚቀርህ ሰባ ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ለአንድ ዓመት ችግኝ ይበቃል፣ ለወደፊቱ ግን ስትቆርጥ ከአንድ ሜትር ከሠላሳ አታሳንስ።

አሁን መሬቱ ደርቋል፣ መረሬ በበጋ ዶማ አይቀበልም፣ አውቃለሁ። ማታ ላይ ቦዩ በሚያልፍበት መስመር ውሃ አፍስስበትና ጠዋት ቆፍር። በማግስቱ ብትደርስ ነው የሚሻለው፤ ከቆየ እንደገና ይጠነክራል። ለሚመጣው ዓመት ግን ጊዜው መስከረም ነው፣ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ አፈሩ ገና ልስልስ እያለ። ስንጥቅ ያለበት ቦታ ላይ ችካልም ሚስማርም አትምታ። ትንሽ ወዲያ ፈቀቅ በል።

ሚስማሩን በፌሮ ቀይረው። ባለ 6 ሚሊሜትር ፌሮ ገዝተህ 50 ሳንቲሜትር፣ 50 ሳንቲሜትር አስቆርጥ። እያንዳንዱን በሁለት እግር እንዲቆም አጥፈው፣ እግሮቹ 21፣ 21 ሳንቲሜትር፣ አናቱ 8። ፌሮ ብዙውን ጊዜ በ12 ሜትር ስለሚሸጥ ከአንዱ 24 ይወጣልሃል። ለአንድ ችግኝ በየማዕዘኑ አንድ፣ በየጎኑ መሐል አንድ፣ ችግኙን ለማስገባት ጨርቁን የሰነጠቅክበት መስመር ላይ ሁለት፤ አሥር ማለት ነው። አፈርህ በጣም የሚሰነጠቅ ከሆነ እግሩን 30 ሳንቲሜትር አድርገው፣ ከአንዱ ፌሮ የሚወጣልህ ቁጥር ግን ይቀንሳል። ፌሮው ሲገባ ጨርቁ ነጠላ እንዳይሆን፣ ጠርዙን አንድ ጊዜ አጥፈህ ድርቡን ብትወጋው አይቀደድም። ስትዘረጋው አንዱን ማዕዘን ያዝ፣ ከዚያ ትይዩ ያለውን፣ ከዚያ ሌሎቹን። እጥፋት እንዳይኖረው ሳብ አድርገው፣ ግን እንደ ከበሮ አትወጥረው። የተወጠረ ጨርቅ ፌሮው ጋ ሲደርስ ይተረተራል።

አሁን ወደ ተላጠው ችግኝ እንምጣ፣ ምክንያቱም የኔን ልብ የያዘው እሱ ነው።

የተሸመነ ጨርቅ ሲቆረጥ ጠርዙ ላይ የሚቀረው ክር እንደ መጋዝ ነው። ችግኙ በነፋስ ወዲያ ወዲህ ሲል ያ ክር ልጡን ይፈቀፍቀዋል፣ ዙሪያውን ከላጠው ደግሞ ዛፉ አበቃለት፣ ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በልጡ በኩል ስለሆነ። የአንተ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ይተርፋል። ቁስሉን ጭቃም ቀለምም አትቀባው፣ ንጹሕ ሆኖ ይድረቅ። ጨርቁ ግን ዛሬውኑ ከግንዱ መራቅ አለበት። መሐሉ ላይ አንድ ስንዝር የሚሰፋ ክብ ቀዳዳ አድርግ፣ ግንዱ መሐል ላይ ብቻውን ይቁም። የቆረጥከውን ጠርዝ በጋለ ቢላ ነካ ነካ አድርገው፣ ክሩ ቀልጦ ይጣበቃልና ከዚያ በኋላ አይተረተርም። ይህን ውጭ ሆነህ ሥራው፣ ጭሱ አይጠቅምም። ችግኙንም ከችካል ጋር በአሮጌ ጨርቅ ቁራጭ እሰረው፣ በሽቦ እንዳይሆን። ማሰሪያው በግንዱና በችካሉ መሐል ተጠማዝዞ እንደ 8 ቁጥር ይሁን።

ከጠርዝ እስከ መሐል የሰነጠቅከው መስመር ሌላው የነፋስ በር ነው። ሁለቱ ጎኖች ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ይደራረቡ፣ ነፋሱ በብዛት ከሚመጣበት ተቃራኒ ይሁኑ፣ ሁለት ፌሮ ይመታባቸው።

ስለ ድንጋይ። ሰሜን ሸዋ ድንጋይ አያልቅበትም፣ ሰውም ቶሎ ብሎ የሚያነሳው እሱን ነው። የተቀበረ ጠርዝ ላይ ለተጨማሪ ክብደት ብትደረድር ክፋት የለውም። ጠርዙ ሳይቀበር በድንጋይ ብቻ መያዝ ግን አያዛልቅም፣ በድንጋዩና በድንጋዩ መሐል ነፋስ ይገባል፣ ሹሉ ጨርቁን ይበሳል፣ ሥሩ ደግሞ ለአይጥ ቤት ነው። አይጥ የችግኝ ልጥ ትወዳለች። አልፎ አልፎ በመሐሉ ቀዳዳ በኩል ጨርቁን ቀና አድርገህ እይ፣ ጉድጓድ ካለ ያኔውኑ ድፈነው።

ሳልረሳው፣ ጨርቅ ከመዘርጋትህ በፊት ሰርዶውን ከነሥሩ ነቅለኸው ነበር? ካልነቀልከው ከሥር ተንፏቅቆ በመሐሉ ቀዳዳና በጠርዙ በኩል ይወጣል። ለአውዳመት የምንነቅለው እንግጫም ቢሆን ሹል ስለሆነ ጨርቁን ወግቶ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። አሁን ለቁፋሮው ጠርዙን ስታነሳው አብረህ አጽዳው፣ ብስባሽ የምትጨምር ከሆነም አሁን ጨምር። ከተዘጋ በኋላ አይመችም።

በጨርቁ ላይ ገለባ ላድርግበት ብለህ እንዳታስብ፣ ቢያንስ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ውርጭ ደግሞ የሚነገርህ አይደለም። ወፍራም ደረቅ ገለባ ቀን የገባውን ሙቀት መሬት ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል፣ ሌሊት ወደ ችግኙ አይወጣም። ለጋው ቅጠል ያንን ሙቀት ይፈልገዋል።

ጨርቁን ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ አንሳው። እስከዚያ ድረስ ግንዱ በወፈረ ቁጥር ቀዳዳውን እያሰፋህ ሂድ።

ጥያቄ፦ ከመንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው የምጽፈው። የምትሉት ጨርቅ እዚህ የለም፣ ቢኖርም ውድ ነው። ቤታችን ያረጀ ባና (የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ) አለ፣ ተቀዳዷል፣ ከእንግዲህ አይለበስም። ከተከልኳቸው ፕለሞች ሥር ባነጥፈው ኃጢአት ይሆንብኛል? የማዳበሪያ ከረጢትም አለ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ እትዬ፣ የማይለበስ ከሆነ ኃጢአት የለበትም። ለጥቂት ዛፍ ከዚያ ከጥቁሩ ጨርቅ ይልቅ እኔ ባናውን እመርጣለሁ።

ሱፍ ውሃ ይይዛል፣ አየር ያሳልፋል፣ ቀስ እያለ ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስ ደግሞ አፈሩን ይመግባል። ከረጠበ በኋላ ስለሚከብድ ነፋስም በቀላሉ አያነሳውም። ፌሮ አያስፈልገውም፣ የወይራ ወይም የጥድ ችካል ይበቃዋል፣ አንድ ክንድ የሚጠጋ፣ ጫፉ የተቀረጸ፣ ወደ ውጭ ዘንበል ተደርጎ የተመታ። ጠርዙን ግን እርስዎም አፈር ያልብሱት።

አንድ ነገር ብቻ ያረጋግጡ፣ ባናው የእውነት ሱፍ መሆኑን። አሁን አሁን ክር የተቀላቀለበት አለ። ከጫፉ አንድ ክር ይምዘዙና በክብሪት ያቃጥሉት። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና በጣት ሲነኩት አመድ ከሆነ ሱፍ ነው። ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ከሆነ ፕላስቲክ አለበት፣ አይቅበሩት። አይጥ ሱፍ ለጎጆዋ ትፈልገዋለችና ከግንዱ አንድ ስንዝር ያርቁት።

ከረጢቱ ይቅርብዎ። ነጩ የማዳበሪያ ከረጢት ፀሐይ አይችልም፣ ዓመት ሳይሞላው ተሰባብሮ ክሩ በየማሳው ይበተናል። ከብትና በግ ከሣር ጋር ይበሉታል። የመንዝ በግ ደግሞ ላስቲክ በልቶ እንዲሞት የሚፈርድበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ እኛ ሸዋ ሮቢት ማንጎ ነው የተከልነው። ችካሉን ምስጥ ጨረሰው። ጨርቁ ላይ ደግሞ ቅንጬ የሚሉት አረም በቀለበት፣ ከላይ! እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ እናንተ ጋ እንጨት አይሆንም፣ በፌሮ ብቻ። ካርቶንና ገለባም ከሥር አታድርጉ፣ ምስጥ መጥራት ነው።

ቅንጬው የበቀለው ጨርቁ ላይ በተጠራቀመው አቧራ ነው። ከሥር አልወጣም። ዘሩን ነፋስና ጎርፍ ያመጣዋል። ሳያብብ ንቀሉት፣ እጃችሁን ሸፍናችሁ፣ ምክንያቱም አንዳንዱን ሰው ቆዳውን ያሳክካል። አቧራውንም በመጥረጊያ ጠረግ ጠረግ እያደረጋችሁ። ቆላ ላይ ጥቁር ጨርቅ መሬቱን ያግለዋል፣ ስለዚህ ቀለሙ ነጣ ያለ ጠጠር ስስ አድርጋችሁ ብትበትኑበት ለሥሩ እፎይታ ነው።

ጥያቄ፦ የተማሪዎች ክበብ ነን፣ ጣርማበር አቅራቢያ ካለ ተዳፋት ላይ 500 የጥድ ችግኝ ተክለናል። ለሁሉም የሚሆን የአረም ጨርቅ የሚገዛልን ሰው እያፈላለግን ነው።

መልስ፦ ልጆች፣ ማፈላለጉን አቁሙ። 500 ጨርቅ ተዳፋት ላይ ቀብሮ ከሦስት ዓመት በኋላ ማን ይሰበስበዋል? ያንን ያህል ፕላስቲክ ጎርፉ ይዞት ይወርዳል።

ጨርቅ ለጓሮ ፍራፍሬ ነው፣ ለዱር ዛፍ አይደለም። እዚያው ሰሜን ሸዋ ያለው የወፍ ዋሻ ደን ጥድና ዝግባ ያለ ጨርቅ ነው ያደገው፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ሲያስተክሉ ዘሩ የመጣው ከዚያ ነው ይባላል። እናንተን የሚያስፈልጋችሁ መስከረም ላይ አንድ ቀን ወጥታችሁ በየችግኙ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ያህል ሙጃውን ማጨድና ያጨዳችሁትን እዚያው ሥሩ ላይ መተው ነው፣ ግንዱን ሳይነካ። ከችግኙ በታች በኩል ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ክትር ሥሩ፣ ውሃ እንዲያቆርለት። ከቀበሌው ጋር ተነጋግራችሁም ከብት እንዳይገባ አስከልሉ፤ ችግኝ የሚያልቀው ከአረም ይልቅ በከብት ነው።

ሌላም ልጠይቃችሁ። ስትተክሉ ጥቁሩን የችግኝ ላስቲክ አውልቃችኋል? በቸኮለ ተከላ ላይ ከነላስቲኩ የሚቀበር ብዙ ነው፣ ሥሩ እዚያው ይጠመዘዝና በሁለተኛው ዓመት ቆሞ ይደርቃል። ጥቂቶቹን በጥንቃቄ ጫር ጫር አድርጋችሁ እዩ። ላስቲኩ ካለ አሁኑኑ በምላጭ ከጎን ቀዳችሁ አውጡት፣ አፈሩን መልሱ፣ ውሃ አጠጡ።