ከመሳፈራችሁ በፊት መውረጃውን ጠይቁ

ልጆቼ፣

በሽታ መዛመት ሲጀምር አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ይመጣብኛል። «ትኬቱን ቆርጠናል፤ ገንዘቡም ተከፍሏል። አሁን ግን ዜናው ጥሩ አይደለም። እንሂድ ወይስ እንቅር?» ዕድሜዬን የፈጀሁት በኅብረተሰብ ጤና ሥራ ላይ ስለሆነ ሰው ከእኔ የሚጠብቀው ቁጥር ነው። በመቶ ይህን ያህል ነውና ሂዱ፣ ወይም ይህን ያህል ነውና ቅሩ እንድል። እኔ ግን መልሼ እጠይቃለሁ፦ እዚያ አንድ ሰው ቢታመም እናንተ በምን ትወጣላችሁ?

የክሩዝ ጉዞን፣ ማለትም በትልቅ መርከብ ከወደብ ወደብ እየተዘዋወሩ መዝናናትን፣ ምሳሌ አድርጌ ልጻፍላችሁ። መርከብ ጠልቼ አይደለም። ሻንጣን አንዴ ፈትቶ ብዙ አገር ማየት ደስ ይላል። ግን ኮቪድ በጀመረ ሰሞን መርከቦቹ ላይ የሆነው ነገር በቀንና በቁጥር ተመዝግቦ ይገኛል። ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣ ደግሞ ወሳኞቹ እናንተ ናችሁ። ቀኖቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ዳይመንድ ፕሪንሰስ የተባለችው መርከብ ከጃፓን ዮኮሃማ ወደብ የተነሣችው ጃንዋሪ 20 ቀን 2020 ነው። በዚያ ዕለት ከቻይና ውጭ በይፋ የታወቁት ሕሙማን በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ቁጥሩን አይቶ «ምንም የለም» ያለ ሰው አይፈረድበትም። ጃንዋሪ 25 አንድ ተሳፋሪ ሆንግ ኮንግ ላይ ወረደ። ፌብሩወሪ 1 ቫይረሱ እንዳለበት ታወቀ። መርከቧ ፌብሩወሪ 3 ዮኮሃማ ተመለሰች፤ ፌብሩወሪ 5 ተሳፋሪው ሁሉ ካቢኑ (የመኝታ ክፍሉ) ውስጥ እንዲቆይ ታዘዘ። ተሳፍረው ከነበሩት 3,711 ሰዎች 712ቱ ተያዙ። ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ከአሥር በላይ ሰዎችም ሞቱ።

ያን ሰሞን ከአምስት ሰው አንዱ ይያዛል የሚል አኃዝ የትም አገር አልነበረም። ያንን ቁጥር ያመጣው ቦታው ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ አዳራሽ ይበላል፤ አንድ የደረጃ መደገፊያ ይይዛል፤ በተዘጋ ክፍል አብሮ ይስቃል፣ ይዘፍናል። አስተናጋጆች ከጠረጴዛ ጠረጴዛ፣ ከካቢን ካቢን ይመላለሳሉ። ስለዚህ «በአገሪቱ ስንት ሰው ተይዟል?» ብሎ ማስላት ብዙ አይረዳም። የአገር አማካይ ለአገር ነው። እናንተ የምትገቡበትን ቤት አይነግራችሁም።

ቁጥሩ ራሱስ ቢሆን የመቼ ነው? ሰው ከተያዘ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ በኮቪድ ጊዜ አምስት ቀን ገደማ ይፈጅ ነበር። ከዚያ ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ይመረመራል፤ ውጤት ይጠብቃል፤ ሪፖርት ይደረጋል። ዛሬ ዜና ላይ የምታዩት ያለፈ ሳምንት ፎቶ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ይቆያል። በሌላ በኩል ጉዞው የሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ መመለሻው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። በሽታው በየሦስት ቀኑ እጥፍ እየሆነ የሚሄድ ከሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሃያ እጥፍ በላይ ያድጋል። ስልካችሁ ላይ ባለው ካልኩሌተር ሞክሩት። ለዚህ ነው ወረርሽኝ ሲጀምር «ገና እኮ ትንሽ ነው» የሚለው አባባል የማይጥመኝ። «ኢንፍሉዌንዛ ይበልጥ ይገድላል» የሚለውም ያው ነው፤ ዓመት ሙሉ የተቆጠረን ገና ካልተቆጠረ ጋር ማወዳደር ነው።

«ሲገባ ሙቀት ይለካሉ እኮ» ትሉኝ ይሆናል። ግሬግ ሞርቲመር የተባለች ትንሽ መርከብ በማርች 2020 አጋማሽ ከአርጀንቲና ወደ አንታርክቲካ ስትነሣ የሁሉም ሰው ሙቀት ተለክቷል። በቅርቡ ቻይናና ሌሎች በሽታው የበረታባቸው አገሮች የነበረ ሰውም እንዲሳፈር አልተፈቀደለትም። ተሳፍረው የነበሩት 217 ሰዎች ነበሩ። በኋላ ሲመረመሩ 128ቱ ቫይረሱ ተገኘባቸው። ከእነዚህ ከአምስቱ አራቱ ምንም ምልክት አልነበራቸውም። ቴርሞሜትር የሚይዘው ትኩሳት ያለውን ብቻ ነው፤ ትኩሳት የሌለውን ተሸካሚ በፈገግታ ያሳልፈዋል።

አሁን ወደ መውረጃው ልምጣ። ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ነው።

ዌስተርዳም ፌብሩወሪ 1 ከሆንግ ኮንግ ተነሣች። መርከቧ ላይ በሽተኛ አልተገኘም ነበር። ግን ፈሯት። ፊሊፒንስ፣ ታይዋን፣ ጃፓን፣ ጉዋም፣ ታይላንድ አናስገባም አሉ። ከ2,000 በላይ ሰው ይዛ ስትዞር ቆይታ በመጨረሻ ካምቦዲያ ፌብሩወሪ 13 ተቀበለቻት። እዚህ ላይ በሽታው ማንንም መያዝ አላስፈለገውም፤ ፍርሃቱ በቂ ነበር።

ዛንዳም ደግሞ ማርች 7 ከቡዌኖስ አይረስ ወጣች። በሁለት ሳምንት ቺሊ ሳን አንቶኒዮ ልታወርዳቸው ነበር ዕቅዱ። የዓለም ጤና ድርጅት ማርች 11 ኮቪድን ፓንደሚክ፣ ማለትም ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ፣ ብሎ አወጀ። ወደቦች ተራ በተራ ተዘጉ። መርከቧ ላይ ሰው መታመም ጀመረ፤ አራት ሰዎች እዚያው ሞቱ። ፍሎሪዳ የደረሰችው ኤፕሪል 2 ነው። እነዚያ መንገደኞች የተሳፈሩበት ዓለምና ሊወርዱበት የሞከሩት ዓለም አንድ አልነበረም።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ ብዙ ሰው አያስበውም። መርከብ የሚያውለበልበው ባንዲራ ከኩባንያው አገርም ከወደቡም አገር ሊለይ ይችላል። ዳይመንድ ፕሪንሰስ የብሪታንያ ባንዲራ ይዛ፣ በአሜሪካ ኩባንያ እየተመራች፣ ጃፓን ወደብ ላይ ነበረች። ሰላም ሲሆን ይህ የወረቀት ጉዳይ ነው። ችግር ሲመጣ ግን «ኃላፊው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ቀን ይበላል፤ ቀኑ የሚቆጠረው ደግሞ በእናንተ ላይ ነው። መርከብ ላይ ያለው ክሊኒክም ጥቂት ሐኪሞችና ጥቂት አልጋዎች ያሉት፣ ሕመምተኛውን ወደብ እስኪደርስ ለማቆየት የተሠራ እንጂ ሆስፒታል አይደለም። ወደቡ እንቢ ካለ ክሊኒኩ ምን ያድርግ?

«እኛ ወጣት ነን፣ ብንያዝም ቀላል ነው» ለምትሉ፦ ስለ ራሳችሁ ከሆነ ብዙም አልከራከራችሁም። በፌብሩወሪ 2020 የቻይና የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባወጣው ሪፖርት በምርመራ ከተረጋገጠባቸው ሰዎች የሞቱት፣ ከ10 እስከ 39 ዓመት ባሉት 0.2 በመቶ ነበሩ። ከ70 እስከ 79 ባሉት 8 በመቶ፣ ከ80 በላይ ባሉት 14.8 በመቶ። ቀላል ሕመም የነበረባቸው ብዙዎች ስላልተቆጠሩ እነዚህ አኃዞች ከእውነቱ ከፍ ይላሉ። በዕድሜ መካከል ያለው ልዩነት ግን ከዚያ በኋላም አልጠፋም።

ታዲያ ክሩዝ ላይ ማን ነው ያለው? ወጣቶች ብዙ ጊዜ ትኬቱን የሚገዙት ለእናትና ለአባት ነው፤ ጡረታ ወጡ፣ ሠርጋቸው ሃምሳ ዓመት ሞላው ተብሎ። ስጦታው ያምራል። ግን አደጋውን የመዘናችሁት በራሳችሁ ዕድሜ ሆኖ የሚከፍሉት እነሱ ከሆኑ ሚዛኑ የእናንተ አልነበረም። ልባቸው ወይም ሳንባቸው የታመመ ወላጆች ካሏችሁ እኔ አልሟገትም፤ ይቆዩ እላለሁ። ብቻችሁን ሄዳችሁ ስትመለሱም መጀመሪያ የምታቅፉት ማንን እንደሆነ አስቡ።

ሠራተኞቹንም አትርሷቸው። እነሱ ጠባብ ካቢን ውስጥ እየተጋሩ ነው የሚተኙት። ዳይመንድ ፕሪንሰስ ላይ ተሳፋሪው በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ ምግብ የሚያደርሱት እነሱ ነበሩ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በኤፕሪል 2020 እንዳስታወቀው በአገሪቱ ዳርቻ ባሕር ላይ የቀሩ 100 ያህል መርከቦች ነበሩ፤ በውስጣቸውም ወደ 80,000 የሚጠጉ ሠራተኞች። እንግዳው ቤቱ ከገባ በኋላ ማለት ነው።

ስለ ገንዘቡ። የተከፈለው ተከፍሏል፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። «ይህን ሁሉ ከፍዬማ አልቀርም» ማለት በጠፋው ገንዘብ ላይ ጤናን መጨመር ነው። ኢንሹራንስ አለኝ ብላችሁም አትዘናጉ፤ ውሉን አንብቡ። ብዙ የጉዞ መድን በሽታው ዜና ከሆነ በኋላ የተገዛ ከሆነ የታወቀ ጉዳይ ነው ብሎ አይከፍልም። «ፈራሁ» ብሎ መሰረዝንም አብዛኛው አይሸፍንም። በማንኛውም ምክንያት መሰረዝን የሚፈቅድ ዓይነት አለ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ የሚመልሰውም ከፊሉን ነው። ለብቻ ተዘግታችሁ የምትቆዩበትን ወጪና ብትታመሙ በአውሮፕላን ወደ ሕክምና መወሰድን ይሸፍን እንደሆነ ግን በጽሑፍ ጠይቁ። በስልክ «አዎ አዎ» ያለ ሰው በኋላ አይገኝም።

መንግሥት ሲከለክል እንቀራለን የምትሉም አላችሁ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዜጎቹ፣ በተለይ ሕመም ያለባቸው፣ በክሩዝ እንዳይጓዙ የመከረው ማርች 8 ቀን 2020 ነው። ያው ማርች 8 ሩቢ ፕሪንሰስ የተባለች መርከብ ከአውስትራሊያ ሲድኒ ተነሣች። ማርች 19 ተመልሳ ወደ 2,700 የሚጠጉ ተሳፋሪዎች ወረዱ፤ ከዚያ ጉዞ ጋር የተያያዘው ሞት 28 ደረሰ። የአሜሪካ እገዳ የመጣው ማርች 14 ነው። እገዳ ሁልጊዜ የሚመጣው ከማስረጃ በኋላ ነው፤ ማስረጃው ደግሞ የታመመ ሰው ነው።

ይህን ስል ደህና የተመለሱትን አልረሳሁም። በዚያ ፌብሩወሪ ባሕር ላይ ከነበሩት መርከቦች አብዛኞቹ ያለ ችግር ተመልሰዋል። ቆዳው ጠይሞ፣ ፎቶ ይዞ መጥቶ «አላልኳችሁም?» ያለ ሰው ሞልቷል። ዕድል ቀንቶታል፤ ውሳኔው ግን በዚያ አይመዘንም። በተቃራኒውም ጃንዋሪ 20 የተሳፈረውን ሞኝ አልለውም፤ በእጁ የነበረው መረጃ ያን ያህል ነበር። ፌብሩወሪ 5 ካለፈ በኋላ የተሳፈረው ግን የዮኮሃማን ዜና ሰምቶ ነው። ማርች 7 ስለተሳፈረው ምን ልበል? እኔ ብሆን እናቴን አላሳፍራትም ነበር፤ እኔም አልሳፈርም ነበር።

ሁሌ ቅሩ እያልኩ አይደለም። የመኪና ጉዞ ከሆነ መሪውን ማዞር ይቻላል። በየብስ ሆቴል ቢዘጋ ሌላ ይፈለጋል። አጭር ጉዞ፣ ከአገራችሁ ወደብ ተነሥቶ እዚያው የሚመለስ መርከብ፣ ሁሉም ጤነኛ፣ ሁለት ሳምንት ብትዘገዩ ሥራችሁ የማይፈርስ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የመድኃኒታችሁን የአንድ ወር ተጨማሪ ያዙ እንጂ ሂዱ ልል እችላለሁ። መስኮት የሌለው ካቢን ግን አልመክርም። ሁለት ሰው እዚያ ውስጥ ለ14 ቀን ቢዘጋ ትዳርም ይፈተናል።

አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ። የመሳፈሪያው ቀን ሲቀርብ ጉጉት አእምሮን ይጋርዳል። ስለዚህ ገና ልባችሁ ሳይሸፍት፣ ምን ከሆነ እንደምትሰርዙ ወረቀት ላይ ጻፉት። ለምሳሌ መርከቡ ከሚቆምባቸው ወደቦች አንዱ መርከብ ከመለሰ። ሌላ መርከብ ላይ በሽታው ከተገኘ። ወይም አብሯችሁ የሚሄደውን ሰው ሐኪሙ እንዲቀር ከመከረው። ኩባንያው ያለ ትልቅ ቅጣት የሚያሰርዝበትን የመጨረሻ ቀን ከሥሩ አስፍሩ፤ መነሻው በቀረበ ቁጥር ቅጣቱ ስለሚጨምር። ቀኑ ሲደርስ ወረቀቱን አውጥታችሁ አንብቡት። ከጻፋችሁት አንዱ ሆኖ ከተገኘ፣ የቤተሰብ ስብሰባ ሳትጠሩ በዚያው ቀን ደውላችሁ ሰርዙ።